መንትዮቹና አጭሩ መንገድ

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሐበሻ በብዛት በሚኖርባት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ መንታ ልጆች ያሉት አንድ አባት ነበር። እሱ ቀን ታክሲ ይነዳል፤ ሚስቱ ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ልጆቹ፣ አንዷ ሴት አንዱ ወንድ፣ በአንድ ጠረጴዛ አጥንተው፣ እኩል ውጤት ይዘው 12ኛ ክፍል ደረሱ። ማርች ወር ላይ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ደብዳቤ መጣላቸው።

ደብዳቤውን የላከው የባችለር ዲግሪንና የጥርስ ሕክምና ዶክትሬትን አጣምሮ የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ነው። በአሜሪካ የጥርስ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ሰው በተለመደው መንገድ አራት ዓመት ኮሌጅ ይማራል፤ ዲኤቲ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ይወስዳል፤ ለብዙ ትምህርት ቤቶች አመልክቶ መልስ ይጠብቃል፤ አንዱ ከተቀበለው ሌላ አራት ዓመት ይማራል። ሲደመር ስምንት ዓመት ነው። በተጣመረው መንገድ ግን ተማሪው ገና ከሃይስኩል ሲወጣ ቦታ ይያዝለታል። ኮሌጁን በሦስት ዓመት ያጠናቅቅና ወደ ጥርስ ሕክምናው ይሻገራል፤ እዚያ የሚማረው የመጀመሪያ ዓመት እንደ አራተኛ የኮሌጅ ዓመት ተቆጥሮለት ባችለሩን ይቀበላል፤ በጠቅላላው በሰባት ዓመት ይመረቃል። በስድስት ዓመት የሚያስጨርሱም አሉ።

አባትየው ከደብዳቤው የሰማው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው። «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚለው ሲነበብለት መቀመጥ አቃተው። ስልኩን አንስቶ አዲስ አበባ ደወለ፤ ደሴ ደወለ፤ ዴንቨር ላለው ወንድሙ ደወለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወሬው ተዳርሶ ሁሉም ልጆቹን «ዶክተር» እያለ ይስማቸው ጀመር። አያታቸው እልል ሲሉ በወጣትነታቸው የተነቀሱት ጥቁር ድዳቸው ታየ። የዴንቨሩ አጎት «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው፤ ዛሬውኑ ይፈርሙ!» አለ።

በዚያው ሰሞን ሌላም ደብዳቤ መጥቶ ነበር። አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በተለመደው መንገድ ለሚማሩት አራት ዓመት የትምህርት ክፍያቸውን የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ለሁለቱም ሰጥቷቸዋል። ይህኛው ደብዳቤ ግን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ማንም ዘወር ብሎ ሳያየው ሰነበተ። ለሁለቱም መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን ሜይ 1 ነው።

እናትየዋ አንድ ማለዳ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ባሏን እንዲህ አለችው፦ «ሁሉም ሰው እንኳን ደስ አላችሁ አለ። ትፈልጉታላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀ ግን የለም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። የእማማን ጥርስ የሚያክሙት ሽማግሌ ዘንድ እንሂድ። እሳቸው ዕድሜያቸውን የጨረሱት በዚህ ሥራ ነው።»

ሄዱ። አባትየው ገና ከመቀመጡ «ዶክተር፣ እርስዎ ብቻ ግቡ ይበሉልኝ፤ የእርስዎን ቃል ይሰማሉ» አላቸው።

ሽማግሌው ሐኪም ልጆቹን አዩና «አፍ ሳላይ ጥርስ አልነቅልም፤ ልጆቹን ሳላውቅም ምክር አልሰጥም» አሉት። «ሦስት ነገር ላሠራቸው። ከዚያ በኋላ የእኔ ቃል አያስፈልግህም፤ ራሳቸው ይነግሩሃል።»

የመጀመሪያው ሥራ ማየት ነበር። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በጸደዩ ዕረፍት መንትዮቹ ጠዋት ጠዋት ክሊኒኩ እንዲመጡ፣ ታካሚው ሲፈቅድም ጥግ ቆመው እንዲመለከቱ አዘዟቸው። «እዚህ አገር የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች አመልካቹ ከሐኪም አጠገብ ቆሞ ሥራውን ያየ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ መቶ ሰዓት ብለው ቁጥር የሚያስቀምጡም አሉ» አሏቸው። «ነገሩ የቆየ ነው። በጎረቤታችን በዋሽንግተን ሮበርት ታነር ፍሪማን የሚባል ወጣት ነበር፤ ወላጆቹ ከባርነት የወጡ ናቸው። ሥራውን ያወቀው አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ረዳት ሆኖ ነው። ትምህርት ቤት ልግባ ሲል ጥቁር በመሆኑ በር ተዘጋበት። ተስፋ ሳይቆርጥ ሃርቫርድን ጠየቀ፤ ተቀበለው፤ እ.ኤ.አ. በ1869 በአሜሪካ በጥርስ ሕክምና የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። በሩ ሲዘጋበት ያልተመለሰው፣ ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ አስቀድሞ ስላየ ይመስለኛል።»

በሦስተኛው ቀን ጉንጩ ያበጠ አንድ የግንባታ ሠራተኛ መጣ። ወንበሩ ላይ ሲጋደም ጫማው ላይ የደረቀው ሲሚንቶ ወለሉ ላይ ረገፈ። ሽማግሌው ወንበሩን በቀስታ አጋደሙት፤ ድዱን በጥጥ አድርቀው የማደንዘዣ ቅባት ቀቡለት፤ ቅባቱ እስኪሠራ ድረስ ስለ ልጆቹ ጠየቁት። መርፌውን ከአገጩ ዝቅ አድርገው፣ ሰውዬው በማያይበት በኩል አመጡት።

የወንዱ ልጅ ዓይን ራጁና መሣሪያው ላይ ነበር። መቦርቦሪያው በደቂቃ እስከ 400,000 ጊዜ እንደሚሽከረከር ሲሰማ «በምን ኃይል?» ብሎ ጠየቀ፤ በታመቀ አየር መሆኑ ሲነገረው ፊቱ በራ። የሴቷ ልጅ ዓይን ግን የሰውዬው እጅ ላይ ነበር። የወንበሩን ክንድ ጨምቆ የያዘው እጅ፣ መርፌው ከወጣ በኋላ ጣት በጣት ሲላላ አየች። ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ ልጁ ስለ መቦርቦሪያው እያወራ ሳለ እሷ «ያ ሰውዬ ነገ ሥራ ይገባ ይሆን?» አለችው።

የዕረፍቱ ሳምንት ሲያልቅ ሽማግሌው ሁለቱንም አስቀምጠው እንዲህ አሏቸው፦ «ዶክተር የሚለውን ስም ለጊዜው ተዉትና ይህን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2007 እዚሁ አጠገባችን ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ አንድ የ12 ዓመት ልጅ በጥርስ ሰበብ ሞተ። ጥርሱ መግል ቋጠረ፤ ሕመሙ ወደ አንጎሉ ዘለቀ፤ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ አልተረፈም። ያ ጥርስ በጊዜው ቢነቀል ኖሮ የሚያስከፍለው 80 ዶላር ገደማ ነበር። ሜሪላንድ በዚህ ደንግጣ ለድሃ ልጆች የምትሰጠውን የጥርስ ሕክምና አሻሽላለች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ወንበሬ ላይ የሚቀመጥ ሕፃን ሁሉ ያን ልጅ ያስታውሰኛል። ወደዚህ ሥራ የምትገቡ ከሆነ እንዲህ ያለውን ልጅ ልትጠብቁ ነው የምትገቡት።»

ሁለተኛው ሥራ የእጅ ነበር። ለእያንዳንዳቸው ሰም፣ ትንሽ መቅረጫ ቢላና የታችኛው መንጋጋ የመጀመሪያ ትልቅ ጥርስ ሞዴል ሰጧቸው። ይህ ጥርስ ከላይ አምስት ጉብታ፣ ከታች ሁለት ሥር አለው። «ይህን አስመስላችሁ ቅረጹ» አሉ።

ልጁ በአንድ ማታ ጨረሰ። አምስቱም ጉብታ በየቦታው፣ በመካከላቸው ያለው ስርጉድ ሳይቀር ተቀርጿል። አባትየው ወደ መብራት አስጠግቶ አገላብጦ አየውና «የጥርስ ሐኪም ማለት ይኸው!» አለ። የልጅቷ ሰም ግን አንድ ጉብታው ተገምሷል። ሳይነገራት ሌላ ሰም ለመነች፤ ሁለተኛው ተጣመመ፤ ሦስተኛውን ጀመረች። አባትየው ሦስቱንም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ሲያይ ልቡ አዘነና ለሽማግሌው ቀስ ብሎ «እሷስ እጇ እንጃ» አላቸው።

ሽማግሌው ሦስቱን ሰሞች በተቀረጹበት ተራ አስቀመጧቸው። «እጅ ይማራል» አሉት። «ጥርስ ሕክምና ሲገቡ ሰው አፍ ውስጥ ወዲያው አይገቡም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የፕላስቲክ ጥርስ በተተከለበት አሻንጉሊት ራስ ላይ ይቦረቡራሉ፤ ይሞላሉ፤ አፍርሰው ደግሞ ይሠራሉ። የልጅህ እጅ የተባረከ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን እዚህ የምፈልገው ያማረውን አይደለም። ሦስተኛው የእሷ ከመጀመሪያው ይሻላል። ማንም ሳያዛት ነው የደገመችው።»

ልጁ ይህን ሲሰማ አልተከፋም። የቀረጸውን ጥርስ እያየ ዝም አለ፤ እህቱ ደግሞ ዝምታውን አስተዋለች።

ሦስተኛው ሥራ ማንበብ ነበር። ሽማግሌው ቤተሰቡን በሙሉ ሰብስበው ደብዳቤውን ከሁለተኛው ገጽ ጀምረው ልጆቹ ለአባታቸው በአማርኛ እንዲያነቡለት አደረጉ። ልጁ አነበበ፤ እህቱ ቀጠለች። ቦታው የሚጸናው አማካይ ውጤታቸው (ጂፒኤ) በየዓመቱ ከ3.5 ካልወረደ ነው። ኬሚስትሪውና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂውና ፊዚክሱ በሦስት ዓመት እንዲያልቅ በክረምትም ይማራሉ። ዲኤቲንም ወስደው የተወሰነውን ነጥብ ማምጣት አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ቦታው ይነሣል።

አባትየው «ይህ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር?» አለ።

«ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ፈተናውን የማያስፈልግ የሚያደርጉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ነጥቡን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርጉም አሉ። ሁሉም የየራሱ ሕግ አለው። የማይለያዩበት ነገር ቢኖር ሕጉ የሚጻፈው ሁለተኛው ገጽ ላይ መሆኑ ነው።» ቀጥለው እስክሪብቶ አንስተው በደብዳቤው ጀርባ ሒሳብ ጻፉ።

«መጀመሪያ የሚቆረጠውን ዓመት እንወቀው። የሚቆረጠው ከኮሌጁ ነው፤ ከጥርስ ሕክምናው አንድ ቀን አይቆረጥም። መቆረጥም የለበትም። እዚህ ባልቲሞር የዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1840 ሲከፈት ትምህርቱ የወራት ነበር፤ ከዚያ በፊትማ ጉጠት የያዘ ሁሉ ይነቅል ነበር። ወራቱ ወደ ዓመታት ያደጉት ለታካሚው ሲባል ነው። እንግዲህ የሚተርፈው አንድ የኮሌጅ ዓመት ነው፤ ከስምንቱ ከርካሾቹ ዓመታት አንዱ ማለት ነው። ሌላኛው ደብዳቤ ደግሞ ያንን ዓመት በስኮላርሺፕ ይሸፍንላችኋል። ስለዚህ በገንዘብ የምታተርፉት እንዳሰባችሁት አይደለም።

«ቀጥሎ ብድሩ። ተበድረው የሚመረቁ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች በአማካይ ወደ 300,000 ዶላር ዕዳ ይዘው ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚበደሩ እንዲህ ላለው ሙያ መንግሥት የሚያበድረው በዓመት ከ50,000፣ በጠቅላላው ከ200,000 ዶላር አይበልጥም። የቀረው ከግል አበዳሪ ነው የሚመጣው። የግል አበዳሪ ብዙ ጊዜ ዋስ ይጠይቃል። ዋሱ አንተ ነህ።»

አባትየው ወረቀቱን ስቦ ቁጥሩን ደግሞ አየው። ለመንታ ሲሆን እጥፍ ነው።

«መልካሙንም ልናገር» አሉ ሽማግሌው። «ቦታው የተያዘለት ልጅ ኮሌጁን በሰቀቀን አይማርም። ለደርዘን ትምህርት ቤት እያመለከተ ገንዘብና እንቅልፍ አያጣም። አንድ ዓመት ቀድሞ ሐኪም ሲሆን አንድ ዓመት ቀድሞ ደመወዝ ያገኛል፤ ዕዳውንም ቀድሞ መክፈል ይጀምራል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሥራውን ለሚወድ ሰው በረከት ነው።»

«ታዲያ ግቡ ነው የሚሉት ወይስ ተዉ?» አለ አባትየው፤ ድምፁ ደከም ብሎ ነበር።

ሽማግሌው መልስ ሳይሰጡ ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዙረው አንድ ራጅ አሳዩት። የማን እንደሆነ አልነገሩትም፤ የሰባት ዓመት ልጅ መሆኑን ብቻ ነገሩት። በጣታቸውም አንድ ጥርስ አመለከቱ፤ ልጆቹ በሰም የቀረጹትን ዓይነት ጥርስ ነው።

«ይህ ጥርስ የሚወጣው ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ከድድ በላይ ያለውን እየው። ያለቀለት ነው፤ ቆሎ ይቆረጥማል። አሁን ወደ ታች ና። ሥሩን አየኸው? ጫፉ ክፍት ነው፤ አላለቀም። ጥርሱ ከወጣ በኋላ ሥሩ እስኪሞላና ጫፉ እስኪዘጋ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃል።»

«እንግዲያ ቶሎ የወጣ ጥርስ ክፉ ነው?»

«አይደለም። ጥርስ ሁሉ እንዲህ ነው የሚወጣው፤ እያኘከ ነው ሥሩን የሚጨርሰው። ክፉው ሌላ ነው። በዚህ መካከል ውስጡ ያለው ነርቭ ከሞተ ሥሩ እዚያው ላይ ይቆማል። አጭርና ስስ ሆኖ ይቀራል። ከላይ ለሚያየው ሰው ግን ምንም አይታወቅም፤ የሚያስታውቀው ዘግይቶ፣ ጭነት ሲበዛበት ነው። የልጆችህም ነገር እንዲሁ ነው። በ18 ዓመት ሙሉ ሰው መሆን የለባቸውም፤ እንደ ጥርሱ ሥር ሳይጨርሱ ይግቡ፤ ውስጣቸው ሕያው ከሆነ መንገዱ ያሳድጋቸዋል። ያለ ፍላጎታቸው ብትከታቸው ግን የሚቆመው ከማይታየው በኩል ነው።»

ትንሽ ዝም አሉና ቀጠሉ። «እንዲህ የሆነ ልጅ አውቃለሁ። ገና በ17 ዓመቱ ነው በአጭሩ መንገድ የገባው። ብርቱ ተማሪ ነበር። አምስተኛው ዓመት ላይ፣ ታካሚ ለማየት ሲቃረብ፣ አንድ ማለዳ ከአልጋው መነሣት አቃተው። ይህን ሥራ እንደሚጠላው ለራሱ የነገረው ያን ቀን ነው። ዕዳው ሲቆጠር አባቱ ቤት ከገዙበት ዋጋ ይጠጋ ነበር። ጎበዝ ነበር፤ ግን የጠየቀው ሰው አልነበረም።»

ከዚያ ወደ መንትዮቹ ዞሩ። «አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ይህ መንገድ አጭር ባይሆን፣ ስምንት ዓመት ሙሉ የሚያስኬድ ቢሆን፣ ቦታም ያልተያዘላችሁ ቢሆን፣ ትሄዱበት ነበር?»

ልጁ ቀድሞ ተናገረ። «ጋሼ፣ እኔ አልሄድበትም ነበር። ጥርሱን ወድጄዋለሁ፤ መሣሪያውን ከሁሉ በላይ ወድጄዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ያሰብኩት ያን መቦርቦሪያ ማን እንደሠራው ነው። ሰዎቹን ግን አላየኋቸውም። እህቴ ስለ ሰውዬው ስትጠይቀኝ መልኩን እንኳ ማስታወስ አቃተኝ። ደብዳቤው ሲመጣ ደስ ያለኝ አባዬ ደስ ስላለው ነው።»

ሴቷ ልጅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ወንድሟን ጥላ የምትሄድ መስሏታል። «እኔ እሄድበት ነበር» አለች። «አሥር ዓመትም ቢሆን። ያ ሰውዬ እጁን ሲለቅ አየሁት። እኔም እንዲህ ማድረግ እፈልጋለሁ። እጄ እንደ ወንድሜ እጅ አይደለም፤ ግን እስኪሆን እደግመዋለሁ።»

አባትየው ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። በመጨረሻ «ዶክተር፣ የማያውቁት ነገር አለ» አለ። «እኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበር አቋርጬ የተሰደድኩት። ሱዳን ውስጥ በመጠበቅ ያለቁ ዓመታት አሉኝ፤ እዚህም መጥቼ ነገ እማራለሁ ስል ጸጉሬ ሸበተ። ለልጆቼ አንድ ዓመት ይተርፋል ሲባል ከእኔ የተወሰደው የተመለሰልኝ መሰለኝ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ። «ወንድሜ፣ አውቃለሁ። እኔም የዚያ ዘመን ሰው ነኝ። ያንተ ዓመት ግን በልጅ ዓመት አይመለስም። ሴቷን ያስቸኮላት ፍላጎቷ ነው፤ እሷን አትያዛት። ልጁን ያስቸኮለው ያንተ ቁጭት ነው፤ እሱን ልቀቀው።»

ልጅቷ ከመፈረሟ በፊት ሽማግሌው እንደመከሯት ለዩኒቨርሲቲው አራት ጥያቄ ጽፋ ላከች። በአንድ ሴሚስተር ጂፒኤዬ ቢወርድ ማስተካከያ ጊዜ ይሰጠኛል ወይስ ወዲያው እሰናበታለሁ? ሦስተኛው ዓመት ላይ ሐሳቤን ብለውጥ አራተኛውን ዓመት እዚያው ተምሬ ባችለሬን መያዝ እችላለሁ? ወደ ሌላ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ባመለክት የተያዘልኝ ቦታ ይነሣል? ሁለት ጊዜ የሚቆጠረው ዓመት የሚከፈለው በኮሌጁ ዋጋ ነው ወይስ በጥርስ ሕክምናው? መልሱ በጽሑፍ መጣ፤ አባቷ ፊት አነበበችው፤ የመጨረሻው መልስ በጥርስ ሕክምናው ዋጋ የሚል ስለነበር ሒሳቡን ደግመው ሠሩት። አሁንም ልቧ አልተለወጠም። ፈረመች።

ልጁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲውን ስኮላርሺፕ ተቀበለና ሜካኒካል ምሕንድስና መረጠ። የጥርስ ሕክምና በር አልተዘጋበትም፤ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ልቡ ቢመለስ የሚያስፈልጉትን የሳይንስ ኮርሶች ወስዶ፣ ዲኤቲን ተፈትኖ፣ እንደ ብዙኃኑ ሊያመለክት ይችላል። ዛሬ የተወው አጭሩን መንገድ እንጂ ሙያውን አይደለም።

ወሬው ዴንቨር ሲደርስ አጎትየው ተቆጣ። «እንዴት እንዲህ ያለ ዕድል ይገፋል? እኩዮቹ ዶክተር ሲባሉ እሱ ምን ሊባል ነው?» አለ። አባትየውም «በራሱ ስም ይጠራል» ብሎ መለሰለት። «ያቺኛዋ ዶክተር ስትባል ደግሞ ስሙ የእሷ ይሆናል እንጂ የእኔ አይሆንም።»

የዚህ ምሳሌ ትርጉም ይህ ነው። አጭሩን መንገድ መያዝ የሚገባው ረጅሙንም ቢሆን የሚሄድበት ሰው ነው። ለእሱ የተቆረጠለት ዓመት ስጦታ ነው፤ ሳይፈራ ይቀበለው። ስላጠረ ብቻ የገባበት ሰው ግን ሰባቱ ዓመት ከስምንቱ ይረዝሙበታል፤ ሰባቱ ካለቁ በኋላ ደግሞ በማይወደው ሥራ የሚያሳልፋቸው ሠላሳና አርባ ዓመታት ይጠብቁታል። አንድ ዓመት ለማትረፍ ተብሎ ዕድሜ አይሰጥም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ አባቶቻችን፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የፈሰሰ የወጣትነት ዘመን ግን አይለቀምም።

በአሜሪካ ልጅ የምታሳድግ ወላጅ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቤትህ ሲመጣ ደስ ይበልህ፤ ልጅህ ደክሞ ያገኘው ነውና። ግን ስልክህን ከማንሣትህ በፊት ሁለተኛውን ገጽ አስነብበው። ሥራው ወደሚሠራበት ቦታ ላከውና ቆሞ ይይ። ማታ ሲመለስ ያየውን እንዲነግርህ ጠይቀው፤ ስለምን እንደሚያወራ ስማ። ከዚያም ስምንት ዓመት ቢሆንስ ብለህ ጠይቀው፤ የሚሰጥህን መልስ፣ ያልጠበቅኸውም ቢሆን፣ አክብርለት።